እንደ ትንኝ የሚያፏጨው ግራፊክስ ካርድ እና የመመለሱ ጣጣ

«አባ፣ ቤት ውስጥ ትንኝ አለ።»

ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወሩ ጃንዋሪ፣ ከተማው የጀርመኑ ኦፈንባኽ፣ ውጭው በረዶ። ትንኝ ከየት ይመጣል? «የቱ ጋ ነው?» አልኳት። ጣቷን ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ኮምፒውተር ቀሰረች።

እናቴ ሶፋው ላይ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩ ፊት ቁጭ ብላለች። «ልጀምር?» ትላለች። እሷ ምንም አልተሰማትም። እኔ ትንፋሼን ይዤ ሳዳምጥ ሰማሁት። ቀጭን ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ስዕል ሲንቀሳቀስ ይነሳል፣ ስዕሉ ሲቆም ጸጥ ይላል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ድምፅ ነው። 649 ዩሮ ስላወጣሁበት ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተር ውስጥ ስዕሉን የሚሠራው ክፍል)፣ ስለሸጠልኝ የኦንላይን ሱቅ እና ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ስለፈጀው 36 ቀን። የሱቁንም የካርዱንም ስም አልጠቅስም። ከሌላ ሱቅ ሌላ ዕቃ የገዛችሁም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ስሙን ከማወቅ ይልቅ እኔ የተሳሳትኩበትን ቦታ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ካርዱን ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር መጥታ ነበር። ተረት ታውቃለች። የጦጣና የአንበሳ፣ የጅብና የአህያ፣ ከእሷ እናት የሰማቻቸው ሌላ ቦታ ሰምቼ የማላውቃቸው ተረቶች አሏት። የወንድሜ ልጆች ስቶክሆልም ናቸው፣ የእህቴ ልጆች ዋሽንግተን። አማርኛቸው እየሳሳ ነው። ስለዚህ እናቴ ሳትመለስ ድምፅዋን ልንቀዳ፣ እኔ ደግሞ ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም ቀለል ያለ ተንቀሳቃሽ ስዕል ልሠራለት ተስማማን። እናቴ ስዕሉን እያየች ስትተርክ ደስ ይላታል። አንበሳው ብቅ ሲል ድምፅዋ ይለወጣል። አሮጌው ካርድ ግን ስዕሉን ማንቀሳቀስ አቃተው።

አዲሱን አርብ ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 አዘዝኩ። ማክሰኞ ጃንዋሪ 14 ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ለሱቁ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ካርቶኑ ድርብ ነው፣ ካርዱ ፀረ-ስታቲክ ከረጢት (ሰውነት ላይ ከሚጠራቀም ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ) ውስጥ ነው፣ ማዕዘኖቹ በስፖንጅ ተይዘዋል። እኔ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ካርጎ ነው የምሠራው። ዕቃ በምን ዓይነት ማሸጊያ እንደሚተርፍና በምን ዓይነት እንደሚሰበር በየቀኑ አያለሁ። ይሄኛው በደንብ የታሸገ ነበር።

ካርዱም በፍጥነቱ አይታማም። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረ ሥራ በአሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ። ማራገቢያዎቹም ጸጥ ያሉ ናቸው። ሥራ ሲቀንስ ጭራሽ ይቆማሉ። ችግሩ ማራገቢያው አልነበረም።

ይህን ያረጋገጥኩት በቀላሉ ነው። የወጥ ቤት ወረቀት ጥቅልል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ወሰድኩ። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ክፍት በሆነው የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ እያዞርኩ አዳመጥኩ። ማራገቢያው ጋ ሽው የሚል ነፋስ ብቻ። ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ክፍል) ጋ ዝም። ካርዱ ጀርባ፣ የኃይል ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ስደርስ ግን ጆሮዬን የሚወጋ ፉጨት። አሥር ሳንቲም የማትሞላ ቦታ ናት።

እዚያ ቦታ ላይ ትንንሽ የመዳብ ጥቅልሎች አሉ። ሥራቸው ለቺፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ማስተካከል ነው። ኤሌክትሪኩ እጅግ ፈጣን በሆነ ፍጥነት ሲጨምርና ሲቀንስ ጥቅልሉ በዓይን በማይታይ መጠን ይንቀጠቀጣል። ያ ንቅጥቅጥ የሰው ጆሮ ሊሰማው በሚችለው ክልል ውስጥ ከወደቀ ፉጨት ይሆናል። እንግሊዞቹ ኮይል ዋይን ይሉታል፣ ጀርመኖቹ ሽፑለንፊፐን። ካርዱን አያቃጥለውም፣ ሥራውንም አያበላሸውም። ደግሞ ከአንድ ሞዴል ሁለት ካርድ ብትገዙ አንዱ ሊያፏጭ ሌላው ዝም ሊል ይችላል። ክርክሩን ያከበደውም ይኸው ነው።

እናቴ ያልሰማችው ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው። የልጄ ጆሮ ግን ገና ትኩስ ነው። ማይኩም እንደ ልጄ ነው፣ ሁሉንም ይሰማል። የተቀዳውን በኮምፒውተር ስከፍተው 9 ሺህ ሄርዝ አካባቢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተዘረጋ ቀጭን መስመር አለ። እናቴ «ተረት ተረት» ስትል መስመሩ አለ። ልጄ «የላም በረት» ስትል መስመሩ አለ። ሁለት ተረት እንደዚያ ቀድተን አቆምን።

ሱቁን ከመውቀሴ በፊት የበኩሌን አደረግሁ። ስዕሉ በሰከንድ ከ60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በላይ እንዳይሮጥ ገደብኩት። ፉጨቱ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ለካርዱ የሚሄደውን ኃይል ዝቅ አደረግሁ። ትንሽ ቀነሰ። አንዳንዴ ጥፋቱ ከፓወር ሰፕላይ ጋር አለመስማማት ስለሆነ ከጓደኛዬ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። እናንተም ይህን ሳትሞክሩ ካርዱን አትመልሱ፤ የሚቀጥለውም ካርድ እንደዚያው ቢያፏጭ ልፋቱ ድርብ ይሆናል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ሐሙስ ጃንዋሪ 16 ለሱቁ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ አያያዝኩ። የሞከርኩትን ሁሉ ዘረዘርኩ። መጨረሻ ላይ «እባካችሁ መፍትሔ ስጡኝ» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ ሳስበው ከአስተዳደጌ ጋር የተያያዘ ነው። እኔ ያደግሁት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ደረሰኝ እያየሁ ነው። መርካቶ ገዝተህ ቤት ከገባህ በኋላ ከተመለስክ ከባለሱቁ ጋር ነገር ነው። ስለዚህ ዕቃ ለመመለስ በቂ ምክንያት ማቅረብ፣ ማስረዳት፣ መለመን እንዳለብኝ ይሰማኛል። ዝም ብሎ «አልፈልገውም» ማለት ነውር ይመስለኛል። እዚህ የማውቃቸው ብዙ ሐበሾች እንደኔ ናቸው። ምክንያት ካቀረብክ ግን ሱቁ ምክንያትህን ይዞ ይከራከርሃል።

የሱቁ መልስ ሰኞ ጃንዋሪ 20 መጣ። ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ፉጨቱ «የዕቃው ተፈጥሯዊ ባሕርይ እንጂ ጉድለት አይደለም»። ሁለተኛ፣ ለምርመራ ወደ ቴክኒክ ክፍላቸው ልላከው፣ ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ማሸጊያው የተከፈተና የተገጠመ ዕቃ «በልግስና ካልሆነ በስተቀር» አይመለስም።

ተናደድኩ። ከዚያ ለመላክ ተዘጋጀሁ። ለቴክኒክ ክፍሉ ልልከው ማለቴ ነው። ካርቶኑን እያሸግሁ ሳለ ያዳነኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ። ስድስት አልኩት። «ታዲያ ስለ ድምፁ ምን አጨቃጨቀህ? ቪደሩፍ አድርግ!»

በጀርመን ሦስት የተለያዩ መብቶች አሉ። እኛ ሁሉንም «ጋራንቲ» ብለን እንጠራቸዋለን። ችግሩ ከዚያ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ቪደሩፍ ነው። ከኦንላይን ሱቅ የገዛ ሸማች ዕቃው ከደረሰው ቀን ቀጥሎ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። ጫጫታ አለው፣ ቀለሙ አልወደድኩትም፣ ሌላ ቦታ ርካሽ አገኘሁ፣ ምንም ይሁን። ይህ ከአውሮፓ ሕብረት የ2011 መመሪያ የመጣ ነው። ስለዚህ ስዊድንም፣ ጣሊያንም፣ ኔዘርላንድም ያላችሁ ይህ መብት አላችሁ።

ሁለተኛው ጌቬርላይስቱንግ ነው። ሻጩ ጉድለት የሌለበት ዕቃ የማስረከብ ግዴታ አለበት፣ ለአዲስ ዕቃ ሁለት ዓመት ይቆያል። እዚህ ግን ጉድለት መኖር አለበት። ፉጨት ጉድለት ነው አይደለም የሚለው ጦርነት የሚነሳው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። እኔ በገዛ ኢሜይሌ ወደዚህ ሜዳ ገባሁ።

ሦስተኛው ጋራንቲ ነው። አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው። ቅድመ ሁኔታውን የሚጽፈውም እሱ ራሱ ነው።

አርብ ጃንዋሪ 24 ወደ ፌርብራውኸርሴንትራለ ሄድኩ። ይህ የሸማቾች ምክር ማዕከል ነው። በጀርመን 16ቱም ክልሎች ውስጥ አለ። በአነስተኛ ክፍያ ቁጭ ብለው ያማክራሉ። የናሙና ደብዳቤም አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳልሰስት የማመሰግነው አገልግሎት ቢኖር ይህ ነው። ያማከሩኝ ሴትዮ ኢሜይሌን አንብበው ቀና አሉ። «ስለ ድምፁ ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። ግን የትኛው መስመር ላይ ነው ውሉን ሰርዣለሁ የሚሉት?» አሉኝ። የትም አልነበረም።

ቀኑን ቆጠሩልኝ። ማክሰኞ 14 ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ 28። አራት ቀን ቀርቶኛል። ካርዱን ለምርመራ ብልከው ኖሮ «ጉድለት አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመለሰው በፌብሩዋሪ ነው። ያን ጊዜ ቪደሩፍ አልፏል።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁኝ። ዕቃውን ዝም ብሎ መልሶ መላክ ብቻውን ቪደሩፍ አይደለም። ከ2014 ጁን ወዲህ በግልጽ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ፎርም አያስፈልግም። በስልክም ይቻላል፣ ግን በኋላ ማስረጃ ይጠፋል። ኢሜይል ወይም ደብዳቤ ይሻላል። ዋናው ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፦ «ሂርሚት ቪደሩፈ ኢኽ ደን ፌርትራግ»። በዚህ ጽሑፍ ውሉን እሰርዛለሁ ማለት ነው። የትዕዛዝ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ የታዘዘበትና የደረሰበት ቀን፣ ስምና አድራሻ። በቃ። ስለ ድምፁ አንድ ቃል አትጻፉ።

ያን ዕለት ማታ በኢሜይል ላክሁት። ሰኞ 27 ደግሞ ተመሳሳዩን በሪኮማንዴ ላክሁ። በ14 ቀን ውስጥ መላኩ በቂ ነው፣ ሱቁ ጋ በዚያው ቀን መድረስ የለበትም። ከ2026 ጁን 19 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ሕብረት ሕግ የኦንላይን ሱቆች ገጻቸው ላይ የመሰረዣ ቁልፍ እንዲያስቀምጡ ያዛል። ደብዳቤ ለማይመቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ማሸጉ የኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይበት። ካርዱን ከማውጣቴ በፊት ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ የብረት ሳጥኑን ነካሁ፣ እጄ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ። ብሎኑን ፈታሁ፣ መቆለፊያውን ተጭኜ ካርዱን በቀስታ አወጣሁ። ማራገቢያው ላይ ያለውን ስስ ላስቲክ ስገጥመው አልላጥኩትም ነበር። ያ በኋላ በጣም ጠቀመኝ። የወርቅ ቀለም ያለውን የመግጠሚያ ጥርሱን በሁለቱም በኩል ፎቶ አነሳሁ። መለያ ቁጥሩን ፎቶ አነሳሁ። ፀረ-ስታቲክ ከረጢቱ፣ የመጀመሪያው ስፖንጅ፣ የመጀመሪያው ካርቶን፣ ከዚያ የውጩ ካርቶን። ካርቶኑን ስነቀንቀው ውስጡ ምንም መላወስ የለበትም። ከተላወሰ ወረቀት ይጨመር። ከመዝጋቴ እስከ መለጠፌ ልጄ በስልኬ ቪዲዮ ቀረጸችኝ።

የመላኪያውን ስምንት ዩሮ ገደማ እኔ ከፈልኩ። የሱቁ የውል ሁኔታ የመመለሻ ወጪ የገዢው ነው ይላል፣ አስቀድሞ እስከነገሩህ ድረስ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። መንገድ ላይ ቢጠፋ ግን ኪሳራው የሱቁ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የተላከበትን ደረሰኝ ብቻ አትጣሉ። መደበኛ ፓኬት ቢጠፋ ዲኤችኤል ካሳ የሚከፍለው እስከ 500 ዩሮ ነው። የኔ ዕቃ ከዚያ ስለሚበልጥ ለተጨማሪ ኢንሹራንስ ከፈልኩ። ግዴታዬ አልነበረም፣ ለእንቅልፌ ብዬ ነው።

ሱቁ ስረዛው ከደረሰው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ዕቃው እስኪደርሰው ወይም መላክህን እስክታሳይ ግን ገንዘቡን መያዝ ይችላል። የሚመለሰው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፣ መጀመሪያ የከፈልከው መደበኛ የመላኪያ ዋጋም አብሮ ነው። ለኔ 649 ሲደመር 5.99፣ ማለትም 654.99 ዩሮ።

ፌብሩዋሪ 5 ባንኬን ስከፍት 557.64 ዩሮ ገብቷል። 97.35 ዩሮ ጎድሏል። ኢሜይል አለ፦ «ዕቃው ተገጥሞ ጥቅም ላይ ስለዋለ 15 በመቶ ቀንሰናል።»

ይህ ቬርትኤርዛትስ ይባላል። ዕቃው ላጣው ዋጋ የሚከፈል ካሳ ነው። ሱቅ ሁልጊዜ የሚከለከለው ነገር አይደለም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ገዢው የዕቃውን ምንነት፣ ባሕርይና አሠራር ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ ከተጠቀመበትና በዚያ ምክንያት ዋጋው ከቀነሰ ይከፍላል። ታዲያ ግራፊክስ ካርድን ሳይገጥሙ እንዴት አድርጎ አሠራሩን ማወቅ ይቻላል?

ሴትዮዋ ሁለት ፍርዶች ነግረውኝ ነበር። ሁለቱም ካርልስሩኧ ካለው የፌደራል ፍርድ ቤት ናቸው። በ2010 አንድ ሰው በ1,265 ዩሮ የውሃ አልጋ በኦንላይን ገዛ። ገጣጥሞ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ተኛበት፣ መለሰው። ሱቁ ከማሞቂያው 258 ዩሮ በቀር አልከፍልም አለ። ፍርድ ቤቱ ግን አልጋን ለመሞከር መገጣጠምና መሙላት ያስፈልጋል ብሎ ሙሉውን ፈረደለት። በ2016 ደግሞ ሌላ ሰው ለመኪናው ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ገዛ። ጋራዥ አስገጠመ፣ ትንሽ ነዳ፣ ስላልወደደው መለሰው። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ለሱቁ አደላ። ሱቅ ብትሄድ ካታሊስት መኪናህ ላይ ገጥመው አያስነዱህም፣ ስለዚህ ይህ ከመሞከር አልፏል አለ።

ግራፊክስ ካርድ ለአልጋው ይቀርባል ወይስ ለካታሊስቱ? እኔ ለአልጋው ነው እላለሁ። የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ቆሞ ታያለህ፣ ድምፁንም ትሰማለህ። ግን ሌላ የሚል ዳኛ ሊኖር እንደሚችል አምናለሁ። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ ዕቃውን እንደ አደራ ዕቃ ያዙት። ጭረት አይኑረው። ላስቲኩን አትላጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን አታሠሩት። ድምፁን ለመስማት አንድ ማታ በቂ ነው።

ለሱቁ አጭር መልስ ጻፍኩ። ካርዱን የሞከርኩት አሠራሩን ለማወቅ ብቻ መሆኑን፣ ሥራ ላይ ሳይውል ድምፁ ሊታወቅ እንደማይችል፣ ላስቲኩ እንኳ እንዳልተነሳ ጠቅሼ ፎቶዎቹንና ቪዲዮውን አያያዝኩ። ዋጋው በምን ምክንያት በ15 በመቶ እንደወረደ በዝርዝር እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ቀሪውን የሚከፍሉበት ቀነ ገደብ አስቀመጥኩ። መልስ አልመጣም። ፌብሩዋሪ 19 ግን 97.35 ዩሮ ባንኬ ገባ። ይቅርታም ማብራሪያም የለውም። ለዚህ ሱቅ ለማሸግ አምስት ከአምስት፣ ለማድረስ አምስት፣ ለደንበኛ አገልግሎት አንድ ሰጥቻለሁ። አንዷም ለመክፈላቸው ነው።

ይህን ጉዳይ ከነገርኳቸው ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ስለነበሩ ጥቂት ልጨምር።

14ቱ ቀን ያለፈበት ሰው አለ። የሱ ችግር ፉጨት አይደለም። በአምስተኛው ወር ማራገቢያው መንኳኳት ጀመረ። እሱ ጌቬርላይስቱንግ አለው። ከ2022 ጀምሮ በመጀመሪያው አንድ ዓመት ውስጥ ለታየ ጉድለት፣ ዕቃው ሲረከብ ደህና ነበር ብሎ ማስረዳት የሻጩ ሸክም ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ወር ብቻ ነበር። ሻጩ «አምራቹን አነጋግር» ብሎ ሊያባርርህ አይችልም። የመመለሻውን ወጪም በዚህ ጊዜ የሚችለው ሻጩ ነው።

ሌላው ሙሉ ኮምፒውተር ያሠራ ልጅ ነው። ክፍሎቹን ራሱ ስለመረጠ «በልዩ ትዕዛዝ የተሠራ ነው፣ አይመለስም» አሉት። ይሄኛውም ጉዳይ ካርልስሩኧ ደርሷል፣ በ2003። ከተለመዱ ክፍሎች የተገጣጠመና ሳይጎዳ በትንሽ ወጪ ሊፈታ የሚችል ኮምፒውተር ይመለሳል ተብሏል።

በድርጅት ስም ያስገዛ ግን እነዚህ 14 ቀናት የሉትም። ቪደሩፍ የሸማች መብት ነው። ከግለሰብ አሮጌ የገዛም የለውም። ሱቅ ገብቶ በእጁ የገዛም በሕግ የለውም፣ የሱቁ ፈቃድ ካልሆነ።

እስራኤል ያላችሁም 14 ቀን አላችሁ፣ ግን ያለ ጉድለት ሲመለስ 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ሊቆረጥ ይችላል። እንግሊዝም 14 ቀን ነው። አሜሪካ ላላችሁ በኦንላይን ለተገዛ ዕቃ እንዲህ ያለ የፌደራል መብት የለም፣ የሱቁን ፖሊሲ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ። ኢትዮጵያም ሕግ አላት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ያ ደረሰኝ ላይ ያለው «አይመለስም» ጉድለት ላለበት ዕቃ የመጨረሻ ቃል አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልንገራችሁ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በሚሄደው በረራ ስንት ላፕቶፕ በሰው እጅ እንደሚላክ አውቃለሁ። ሰው በኦንላይን ያዝዛል፣ ካርቶኑ እንደታሸገ ለመንገደኛ ይሰጣል። አዲስ አበባ ሲከፈት ማራገቢያው ይጮኻል። ያን ጊዜ 14ቱ ቀን አልፏል፣ ዕቃውን መልሶ የሚያመጣም የለም። እባካችሁ፣ ለወንድማችሁም ለእህታችሁም ስትልኩ መጀመሪያ ክፈቱት። ማታ ቤት ጸጥ ሲል አብሩት። ቪዲዮ አጫውቱበት፣ ጆሯችሁን አስጠጉ። ልጅ ካለ ልጁን ጥሩት። ተሸካሚ ስታገኙ ሳይሆን ዕቃው በደረሰ ዕለት አድርጉት።

ሁለተኛውን ካርድ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። 20 ዩሮ ይበልጣል። የመረጥኩት ገጹ ላይ «30 ቀን፣ የመመለሻ ወጪ በኛ» ብሎ በግልጽ ስለጻፈ ነው። ቺፑ ያው ነው፣ ቦርዱን የሠራው ሌላ አምራች ነው። ገጠምኩት። ስዕሉን አስጀመርኩ። ልጄን ጠራኋት። ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ረጅም ጊዜ ቆየች። «ነፋስ ብቻ ነው» አለች።

የካርቶን ቱቦዬንም ይዤ አዞርኩ። በጣም ሲጠጉት ትንሽ ሲር የሚል አለ፣ አልዋሽም። ከአንድ ክንድ ርቀት ግን አይሰማም፣ ማይኩም አይይዘውም። አምስት ከአምስት።

እናቴ ማርች መጀመሪያ ላይ ተመለሰች። እስከዚያ 14 ተረት ቀዳን። አሥራ ሁለቱ ንጹሕ ናቸው፣ ስቶክሆልምም ዋሽንግተንም ተልከዋል። መጀመሪያ የቀዳናቸው ሁለቱ ላይ ግን ትንኟ አለች። አላጠፋኋቸውም። በአንደኛው ላይ እናቴ የጅቡን ድምፅ ስታወጣ ልጄ ሳቋ ያመልጣታል፣ እናቴም አብራት ትስቃለች። ያ ሳቅ በሌላው አሥራ ሁለት ላይ የለም።